በግል በምንሠራቸው ቪዲዮዎች ውስጥ የሌላ ሰው ሙዚቃ ማስገባት፦ የሚፈቀደው እስከ ምን ድረስ ነው?

የእግር መንገደኛ

ለመድረኩ አባላት ሰላምታዬን አቀርባለሁ። በእረፍት ቀናት በእግሬ የምጓዝባቸውን ተራሮችና ሸለቆዎች እየቀረጽኩ በአንድ የቪዲዮ መድረክ ላይ የምጭን፣ ከዚህም ሥራ ምንም ገቢ የማላገኝ ሰው ነኝ። ቻናሌን የሚከታተሉት ሰዎች ጥቂት ናቸው፤ አብዛኞቹንም በአካል አውቃቸዋለሁ። በቅርቡ በአንድ ቪዲዮ ማብቂያ ላይ ከአንድ የታወቀ ዘፈን ከግማሽ ደቂቃ ያነሰ ክፍል ማጀቢያ አድርጌ አስገባሁ። ዘፈኑን ገንዘብ ከፍዬ የገዛሁት ነው። በመግለጫው ላይ የድምፃዊውን ስም ጽፌያለሁ፤ «የሙዚቃው መብት የባለቤቱ ነው፤ መብት የመጣስ ሐሳብ የለም» የሚለውን፣ በየቪዲዮው ሥር የምናየውን ማሳሰቢያም ጨምሬያለሁ። ይሁን እንጂ ቪዲዮው ለሕዝብ ክፍት ከመሆኑ በፊት እንኳ የመብት ጥያቄ እንደቀረበበት የሚገልጽ መልእክት ደረሰኝ።

ማወቅ የምፈልገው ይህ መልእክት በሕግ ፊት ምን ዋጋ እንዳለው፣ እንዲሁም የክፍሉ ማጠር፣ የባለቤቱ ስም መጠቀሱና ከቪዲዮው ትርፍ አለመገኘቱ አንዳች ለውጥ ያመጡ እንደሆነ ነው። በየቦታው የማነበው ምክር እርስ በርሱ ስለሚጋጭ፣ ነገሩን በቅርብ የምታውቁት ብታብራሩልኝ አመሰግናለሁ።

ባለ መቁረጫ

በመጀመሪያ ሁለት ነገሮችን እንለይ፤ ብዙ ሰው አንድ አድርጎ ስለሚያያቸው አንዱ ሲደርሰው ያለ ምክንያት ይደነግጣል፣ ሌላው ሲደርሰው ደግሞ ያለ ምክንያት ይዘናጋል። (የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የእርስዎ መድረክ የትኛው እንደሆነ አልገለጹም፤ አሠራሩ በደንብ የሚታወቀው የዩቲዩብ ስለሆነ እሱን ምሳሌ አደርጋለሁ። ዩቲዩብ በ2007 ኮንቴንት አይዲ የተባለ ሥርዓት ሥራ ላይ አዋለ። የሙዚቃ ኩባንያዎችና ሌሎች ባለመብቶች የሥራዎቻቸውን ቅጂ ለሥርዓቱ ያስረክባሉ፤ ሥርዓቱም ከእያንዳንዱ ቅጂ የድምፅ አሻራ አውጥቶ ያስቀምጣል፤ ከዚያ በኋላ የሚጫነው ቪዲዮ ሁሉ ከዚያ ክምችት ጋር ይመሳከራል። ተመሳሳይ ድምፅ ሲገኝ ምን እንደሚደረግ ባለመብቱ አስቀድሞ የወሰነው ጉዳይ ነው፦ ቪዲዮው እንዲታገድ፣ ወይም ማስታወቂያ እንዲታይበትና ገቢው ለእርሱ እንዲሄድ፣ ወይም ደግሞ ምንም ሳይደረግ የተመልካቹ ብዛት ብቻ እንዲመዘገብለት። ስለዚህ ለእርስዎ የደረሰው መልእክት ሰው አይቶ የሰጠው ብይን ሳይሆን ማሽን ያገኘው ተመሳሳይነት ነው። እንዲህ ያለው ክሌም (የመብት ጥያቄ) በአንድ ቪዲዮ ላይ ብቻ ያርፋል፤ ቻናሉን አይነካም።

ስትራይክ የሚባለው ግን ሌላ ነው። ባለመብቱ በአሜሪካ በ1998 በወጣው፣ በአጭሩ ዲኤምሲኤ በሚባለው ሕግ መሠረት ቪዲዮው እንዲነሣ መደበኛ ማመልከቻ ሲያቀርብ መድረኩ ቪዲዮውን ያወርዳል፣ ለቻናሉም ማስጠንቀቂያ ይመዘግባል። በ90 ቀናት ውስጥ 3 ማስጠንቀቂያ የደረሰበት ቻናል ሊዘጋ ይችላል። መድረኮቹ ይህን ያህል ጥብቅ የሚሆኑበት ምክንያት አላቸው፤ ተጠቃሚዎቻቸው በሚጭኑት ነገር በካሣ እንዳይጠየቁ ሕጉ የሚከላከልላቸው፣ ማመልከቻ ሲደርሳቸው በፍጥነት ካነሡና ደጋግመው የሚጥሱትን ካሰናበቱ ብቻ ነው።

በሕግ ፊት ያለውን ዋጋ በተመለከተ ዘሕግ ቢናገሩ ይሻላል።

ዘሕግ

ባለ መቁረጫ በተናገሩት ላይ አንድ ነገር ላክል፤ የማሽኑ ውሳኔና የሕጉ ውሳኔ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ክሌም አለመምጣቱ ፈቃድ አለ ማለት አይደለም፤ ክሌም መምጣቱም ሕግ ተጥሷል ማለት አይደለም። ከዚህ በታች የምጽፈው ስለ ሕጉ ነው።

በአንድ የተቀረጸ ዘፈን ውስጥ ቢያንስ ሁለት የተለያዩ መብቶች አሉ። አንደኛው የድርሰቱ ነው፤ ዜማውና ግጥሙ። ይህ በመጀመሪያ የደራሲዎቹ ሲሆን ብዙ ጊዜ በሙዚቃ አሳታሚ ኩባንያ በኩል ይተዳደራል። ሁለተኛው የቅጂው፣ ማለትም በስቱዲዮ የተቀረጸው ድምፅ መብት ነው፤ ባለሙያዎች ማስተር የሚሉት ይህን ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ የሚገኘውም በአሳታሚው ሳይሆን ቀረጻውን በገንዘብ በደገፈው የሸክላ ኩባንያ እጅ ነው። ዘፈኑን ከተንቀሳቃሽ ምስል ጋር ለማዋሐድ የሚፈልግ ሰው ከድርሰቱ ባለመብት ሲንክ የሚባለውን ፈቃድ፣ ከቅጂው ባለመብት ደግሞ የማስተር ፈቃድ ማግኘት አለበት። አንዱ ፈቅዶ ሌላው ቢከለክል ሥራው ይቆማል። ድርሰቱን ሦስት ወይም አራት ሰዎች በጋራ ጽፈውት ድርሻቸው በተለያዩ አሳታሚዎች ዘንድ ከሆነ ደግሞ የሚጠየቀው ሰው ቁጥር በዚያው ልክ ይበዛል። ለግል ቪዲዮ ፈቃድ መጠየቅ እምብዛም የማይሞከረው ሰዎች ስለሚሰንፉ ብቻ ሳይሆን መንገዱ የተሠራው ለፊልምና ለማስታወቂያ ሠሪዎች ስለሆነ ጭምር ነው።

የጠየቁትን በተራ ልመልስ። ዘፈኑን መግዛትዎ የሚሰጥዎት የማድመጥ መብት ነው፤ ሥራውን አባዝቶ ለሕዝብ የማቅረብ መብት አብሮ አይሸጥም። የባለቤቱን ስም መጥቀስ መልካም ነገር ነው፣ በአንዳንድ ፈቃዶችም ግዴታ ነው፤ ነገር ግን በራሱ ፈቃድ አይሆንም። «መብት የመጣስ ሐሳብ የለም» የሚለው ማሳሰቢያ ደግሞ ምንም ሕጋዊ ውጤት የለውም፤ እንዲያውም ጸሐፊው ሙዚቃው የሌላ ሰው መሆኑን ያውቅ እንደነበር በገዛ እጁ ያስመዘገበበት ሰነድ ነው።

ስለ ርዝመት የሚነገረው ነገር ከሁሉ የበለጠ ሥር የሰደደ ስሕተት ይመስለኛል። ከ30 ሰከንድ በታች ነፃ ነው፣ ወይም ከ10 ሰከንድ በታች ነፃ ነው የሚል ደንብ የጻፈ የቅጂ መብት ሕግ አላውቅም። የአውሮፓ ኅብረት ፍርድ ቤት በ2019 የወሰነው ጉዳይ ለዚህ ጥሩ ማስረጃ ነው። ክራፍትወርክ የተባለው የጀርመን ቡድን በ1977 ካወጣው ሥራ ሁለት ሰከንድ ያህል የሚሆን የምት ክፍል ተወስዶ በሌላ ዘፈን ውስጥ በተደጋጋሚ ገብቶ ነበር። ፍርድ ቤቱ፣ የተወሰደው ክፍል እጅግ አጭር ቢሆንም እንኳ በጆሮ የሚለይ እስከሆነ ድረስ የቅጂው ባለመብት ሊከለክል እንደሚችል ተናግሯል።

በመጨረሻም፣ ባለመብቱ ሥራውን የትም አላስመዘገበም ወይም ምልክት አላደረገበትም የሚለው መከራከሪያም አይሠራም። በ1886 የተፈረመው ዓለም አቀፉ የቅጂ መብት ስምምነት፣ የበርን ስምምነት፣ በኋላ በተሻሻለበት መልኩ፣ ጥበቃው ምንም ዓይነት ምዝገባና ሥርዓት ሳያስፈልገው እንዲሰጥ ይደነግጋል።

ከዳር ሆኜ

የዘሕግን ማብራሪያ በአክብሮት አነበብኩ፤ ነገር ግን ሕጉ እንዲህ ባለ መልኩ ሲቀርብ ለተራው ሰው የቀረ ቦታ ያለ አይመስልም። የጉዞ ቪዲዮ ማብቂያ ላይ የተሰማ የዘፈን ቁራጭ የማንን ገበያ ይዘጋል? ማንም ሰው ዘፈኑን ላለመግዛት ብሎ የሰውን የተራራ ጉዞ አይመለከትም። በአሜሪካ አንዲት እናት ሕፃን ልጇ በወጥ ቤት ውስጥ ሲደንስ የሚያሳይ የ29 ሰከንድ ቪዲዮ በ2007 ጭና፣ ከበስተጀርባ የድምፃዊው የፕሪንስ ዘፈን ስለተሰማ ብቻ ቪዲዮው እንዲነሣ ተደርጎ ነበር፤ እሷ ግን ዝም አላለችም፣ ፍርድ ቤት ሄደች፣ ፍርድ ቤቱም ለእርሷ ወገነ። ካናዳም በ2012 ለትርፍ ያልተሠሩ የግለሰብ ሥራዎችን የሚፈቅድ አንቀጽ በሕጓ ውስጥ አስገብታለች። ታዲያ «ትርፍ አለመኖሩ ለውጥ አያመጣም» ማለት ተገቢ ነው?

ዘሕግ

ከዳር ሆኜ ያነሡት ተቃውሞ መነሣት የነበረበት ነው። ትርፍ አለመኖሩ ለውጥ አያመጣም አላልኩም፤ በቂ አይደለም ባይ ነኝ። ለውጡ የቱ ላይ እንደሆነ እንይ።

በአሜሪካ ሕግ በተወሰነ ሁኔታ ያለ ባለመብቱ ፈቃድ መጠቀምን የሚፈቅድ፣ ፌር ዩዝ የሚባል ድንጋጌ አለ። ዳኛው አራት ነገሮችን አንድ ላይ ይመዝናል፦ የአጠቃቀሙን ዓላማና ጠባይ፣ የተወሰደውን ሥራ ምንነት፣ የተወሰደውን መጠን፣ እንዲሁም በሥራው ገበያ ላይ የሚያስከትለውን ውጤት። የንግድ ዓላማ አለመኖሩ በመጀመሪያው ሚዛን ላይ ይረዳል። ይሁን እንጂ ዳኛው በዚያው ሚዛን ላይ የሚጠይቀው ሌላም ጥያቄ አለ፤ ሙዚቃው የተወሰደው ለምንድን ነው? ዘፈኑን ለመተቸት፣ ለማብራራት ወይም ለመቀለድ የወሰደ ሰው ስለ ዘፈኑ የሚናገረው ነገር አለው። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1994 የቀልድ ቅጂ የሠራ ቡድን፣ ሥራው የተሸጠ ቢሆንም እንኳ፣ በፌር ዩዝ ሊከራከር እንደሚችል የወሰነው ከዚህ በመነሣት ነው። ዘፈኑን ለስሜት ማሞቂያ ያስገባ ሰው ግን ስለ ዘፈኑ የሚናገረው ነገር የለውም፤ የፈለገው ዘፈኑ ራሱ የሚሰጠውን ደስታ ነው፤ ይህ ደግሞ ሲንክ ፈቃድ የሚሸጥበት ገበያ በትክክል የሚያቀርበው ዕቃ ነው።

የሕፃኑ ቪዲዮ ጉዳይ ብዙ ጊዜ ከተባለው በላይ ተደርጎ ይነገራል። የይግባኝ ፍርድ ቤቱ በ2015 የወሰነው፣ አመልካቹ ቪዲዮ እንዲነሣ ከመጠየቁ በፊት አጠቃቀሙ ፌር ዩዝ ሊሆን ይችል እንደሆነ ማሰብ አለበት የሚለውን ነው። ትልቅ ውሳኔ ነው፤ ግን የቤተሰብ ቪዲዮ ሁሉ ነፃ ነው አላለም። ጉዳዩ በ2018 በስምምነት አለቀ። ደግሞም የእናትየውን ቪዲዮ ከጠያቂያችን የሚለየው ነገር አለ፤ በወጥ ቤቱ ውስጥ ዘፈኑ እየተሰማ ነበር፣ ድምፁም ጥራት የሌለው የካሜራ ድምፅ ነው፤ የጠያቂያችን ዘፈን ግን ከንጹሕ ቅጂ ተወስዶ በአርትዖት ጊዜ የገባ ነው።

የካናዳው አንቀጽ በእርግጥ ለእንዲህ ዓይነቱ ሥራ ከማውቃቸው ሁሉ ቅርቡ ነው። ቢሆንም ቅድመ ሁኔታዎች አሉት፦ ዓላማው ፈጽሞ የንግድ ያልሆነ፣ ምንጩ የሚቻል ሲሆን የተጠቀሰ፣ የተወሰደው ቅጂ ራሱ ሕገ ወጥ አለመሆኑ በምክንያት የታመነበት፣ በባለመብቱ ገበያ ላይም ጉልህ ጉዳት የማያስከትል መሆን አለበት፤ በዚያ ላይ ውጤቱ አዲስ ሥራ መሆን ይኖርበታል። የአውሮፓ ኅብረትም በ2019 ባወጣው መመሪያ አንቀጽ 17 መድረኮቹን ተጠያቂ ካደረገ በኋላ፣ ተጠቃሚዎች ለጥቅስ፣ ለትችትና ለቀልድ የሚያደርጉት አጠቃቀም እንዲጠበቅ አዟል። የዚህ ሁሉ ችግር ቪዲዮ በአንድ አገር ተጭኖ በሁሉም አገር መታየቱ ነው፤ በካናዳ የተፈቀደው በሌላው ላይፈቀድ ይችላል፤ መድረኩም አብዛኛውን ጊዜ የሚሠራው በራሱ ደንብ እንጂ በተመልካቹ አገር ሕግ አይደለም።

ዜማ ደራሲ

እኔ ከወዲያኛው ወገን ነኝና ጥቂት ብናገር ትፈቅዱልኝ ይሆናል። ዜማ እደርሳለሁ፤ ሥራዎቼ ብዙ ያልተሰሙ ቢሆኑም አንዳንዶቹን በማላውቃቸው ሰዎች ቪዲዮ ውስጥ አግኝቻቸዋለሁ። ከዳር ሆኜ «የማንን ገበያ ይዘጋል?» ብለው ጠይቀዋል። ብዙ ጊዜ ምንም አይዘጋም፤ ይህን ለመካድ አልፈልግም። አንድ ቤተሰብ በልጁ የምረቃ ቪዲዮ ላይ ዜማዬን ቢያስገባ ደስ ይለኛል እንጂ አልከፋም፤ ማስታወቂያ ታይቶበት ከዚያ የሚመጣው ሳንቲም ቢደርሰኝ ደግሞ ቪዲዮው ከሚነሣ ይልቅ ያንን እመርጣለሁ።

ጉዳዩ ግን ገንዘብ ብቻ አይደለም። ሙዚቃ ከምስል ጋር ሲዋሐድ ትርጉሙ ይለወጣል። ለሐዘን የጻፍኩት ዜማ የሰው መሣለቂያ ለሆነ ቪዲዮ ማጀቢያ ሲሆን፣ ወይም እኔ የማልደግፈውን የፖለቲካ ወገን ሲያወድስ ሰምቼ ዝም እንድል የሚጠብቁ ሰዎች ትርፍ አለማግኘታቸውን ብቻ ይነግሩኛል። የበርን ስምምነት አንቀጽ 6 ተከታይ (6bis)፣ ደራሲው ክብሩንና ስሙን የሚጎዳ የሥራውን መዛባት የመቃወም መብት እንዳለው የሚያውጀው ለዚህ ነው፤ ይህ የሞራል መብት የገንዘብ መብቱ ከተሸጠ በኋላም ከደራሲው ጋር ይቆያል። ፈቃድ የሚጠይቀኝ ሰው ከዋጋው በፊት የሚሰጠኝ ነገር «ለዚህ ይሁን ወይስ አይሁን?» የማለት ዕድል ነው።

አንድ ተግባራዊ ምክር ላክል። የታላላቅ ኩባንያዎችን ዘፈኖች ትታችሁ ሥራቸውን ራሳቸው ቀርጸው ራሳቸው የሚያሰራጩ ሙዚቀኞችን ብትጠይቁ፣ ዘሕግ ያነሷቸው ሁለቱ መብቶች ብዙ ጊዜ በአንድ ሰው እጅ ታገኟቸዋላችሁ። አጭር ደብዳቤ ይበቃል፦ የትኛው ሥራ፣ ከየት እስከ የት፣ በምን ዓይነት ቪዲዮ፣ በየትኞቹ መድረኮች፣ ገቢ ይኖረዋል ወይስ አይኖረውም። መልሱን በጽሑፍ ያዙት። እኔ እስካሁን በዚህ መልክ የጠየቀኝን ሰው አልከለከልኩም፤ የጠየቁኝ ሰዎች ግን ሳይጠይቁ ከተጠቀሙት እጅግ ያነሱ ናቸው።

ጥያቄ አለኝ

ከሁሉም ነገር ለመሸሽ የጥንት ሙዚቃ ብጠቀምስ? የጀርመኑ የሙዚቃ ደራሲ ባክ ከሞተ ከ270 ዓመት በላይ አልፏል፤ በእርሱ ሥራ ላይ መብት የሚጠይቅ ማን አለ? ዘፈኑን እኔ ራሴ ብጫወተውስ?

ባለ መቁረጫ

በ1750 የሞተው ባክ መብት የሚጠይቅ ወራሽ የለውም፤ የባክን ሥራ ተጫውቶ የቀረጸው ኦርኬስትራ ግን መብት አለው። የበርን ስምምነት ዝቅተኛ የጥበቃ ዘመን ደራሲው ከሞተ በኋላ 50 ዓመት ሲሆን፣ የአውሮፓ ኅብረት አገሮች 70 አድርገውታል፤ በአሜሪካም የዘመናችን ደራሲዎች ሥራ የሚጠበቀው ለዚሁ ያህል ጊዜ ነው። ይህ የድርሰቱ ነው። ቅጂው የራሱ ዘመን አለው፤ በአውሮፓ ኅብረት ከታተመ በኋላ 70 ዓመት ይጠበቃል። በአሜሪካ በ2018 በወጣው ሕግ መሠረት ከ1923 በፊት የታተሙ ቅጂዎች በጠቅላላ በጥር 1 ቀን 2022 ነፃ ሆነዋል፤ ከ1923 እስከ 1946 የታተሙት ደግሞ ለ100 ዓመት ይጠበቃሉ። እንግዲህ የባክን ሥራ ባለፈው ዓመት የተቀረጸ ንጹሕ ቅጂ የሚጠቀም ሰው ከቅጂው ባለቤት ፈቃድ ሊኖረው ይገባል።

ራስዎ ቢጫወቱት ከሕግ አንጻር ንጹሕ ነዎት፤ ማሽኑ ግን ሊሳሳት ይችላል። በ2018 አንድ የታወቀ ፒያኖ ተጫዋች በቤቱ ሆኖ የተጫወተውን የባክ ሥራ ፌስቡክ ላይ ሲጭን፣ 47 ሰከንዱ የአንድ ትልቅ ኩባንያ ቅጂ ነው ተብሎ ድምፁ ተዘግቶበት ነበር። ሁለት ሰዎች አንድን ድርሰት በጥንቃቄ ሲጫወቱት ይመሳሰላሉ፤ ማሽኑ የሚያነጻጽረው ድምፅን እንጂ እጅን አይደለም። በዚያው ዓመት መጀመሪያ ላይ ደግሞ ምንም ዜማ የሌለው፣ 10 ሰዓት ሙሉ «ሽሽ» የሚል ድምፅ ብቻ ያለበት ቪዲዮ አምስት የመብት ጥያቄዎች ቀርበውበት እንደነበር ተዘግቧል።

እንዲህ ሲሆን መቃወም ይቻላል። በዩቲዩብ ለክሌሙ ተቃውሞ ካቀረቡ ጠያቂው 30 ቀናት አለው፤ በእነዚያ ቀናት ውስጥ ካልመለሰ ክሌሙ ይወድቃል። አልቀበልም ካለ ይግባኝ ማለት ይቻላል፤ ለይግባኙ መልስ ለመስጠት ያለው ጊዜ 7 ቀናት ነው። ጥንቃቄ የሚያስፈልገው እዚህ ላይ ነው፤ ከይግባኙ በኋላ ጠያቂው ወደ መደበኛው የማንሻ ማመልከቻ ሊሻገርና ስትራይክ ሊያስመዘግብ ይችላል። ስለዚህ የራሱን ቀረጻ የያዘ ወይም የጽሑፍ ፈቃድ ያለው ሰው እስከ መጨረሻው ይሂድ፤ «ምናልባት ይለቁኝ ይሆናል» በሚል ተስፋ ብቻ የሚቃወም ሰው ግን ቀላሉን ጉዳይ ከባድ ያደርገዋል።

የዘመን ሰውን ዘፈን ራስ መዝፈንን በተመለከተ፦ የማስተሩ ጥያቄ ይወገዳል፣ የድርሰቱ ጥያቄ ግን እንዳለ ይቆያል። በአሜሪካ ሕግ ማንም ሰው የተወሰነ ክፍያ ፈጽሞ የሌላውን ዘፈን ዳግም መቅረጽ የሚችልበት የግዴታ ፈቃድ አለ፤ ይህ ግን ለድምፅ ብቻ እንጂ ለቪዲዮ አይሠራም። በትላልቆቹ መድረኮች ላይ ያሉት ብዙዎቹ ከቨሮች (በሌላ ሰው ዳግም የተዘፈኑ ዘፈኖች) የሚቆዩት አሳታሚዎቹ ከመድረኮቹ ጋር ስለተዋዋሉ ነው።

ከዳር ሆኜ

ታዲያ ቲክቶክና ኢንስታግራም ላይ ራሱ መተግበሪያው የታወቁ ዘፈኖችን እየመረጥን እንድናስገባ ይጋብዘናል። ይህን ሁሉ ፈቃድ ማን ከፈለልን?

ባለ መቁረጫ

መድረኮቹ ከፈሉ፤ የከፈሉትም ለራሳቸው ግቢ ብቻ ነው። በመተግበሪያው ውስጥ ከቀረበው ዝርዝር የተመረጠ ዘፈን የሚያገለግለው በዚያው መድረክ ላይ፣ በውሉ በተመለከተው ርዝመት፣ ለግል አካውንት ነው። ያንኑ ቪዲዮ አውርደው ወደ ሌላ መድረክ ቢወስዱት ፈቃዱ አብሮት አይሄድም። የንግድ አካውንት ያላቸው ሰዎች ደግሞ ሰፊው ዝርዝር አይፈቀድላቸውም፤ ቲክቶክ ለእነርሱ ለንግድ የተፈቀዱ ሙዚቃዎችን ብቻ የያዘ ሌላ ክምችት ያቀርባል። በትርፍ ጊዜው የጀመረውን ቻናል ቀስ በቀስ ወደ ገቢ ምንጭ የሚያሸጋግር ሰው ይህን መስመር የሚያልፍበትን ቀን ብዙ ጊዜ አያስተውለውም።

በዚያ ላይ ውሉ ያልቃል። በጥር 2024 ማብቂያ የዩኒቨርሳል ሙዚቃ ኩባንያና የቲክቶክ ውል ሳይታደስ ሲቀር፣ በሕጋዊ መንገድ ከዝርዝሩ ተመርጠው የገቡ የኩባንያው ዘፈኖች ከመድረኩ ተነሡ፤ ዘፈኖቹ የነበሩባቸው ቪዲዮዎችም ድምፅ አልባ ሆኑ። አዲስ ስምምነት የተደረሰው በግንቦት መጀመሪያ ነው። ለዓመታት ሊቆይ የታሰበ ቪዲዮ የሚሠራ ሰው በሌሎች ሰዎች ውል ላይ ባይደገፍ እመርጣለሁ። ይህ የእኔ አስተያየት ነው፤ ነገ ለሚረሳ የአንድ ደቂቃ ቪዲዮ ግን ዝርዝሩን ከመጠቀም የሚቀል መንገድ የለም።

ጥያቄ አለኝ

ክሪኤቲቭ ኮመንስ የሚል ጽሑፍ ያለባቸው ሙዚቃዎችስ? እነዚህን ያለ ሥጋት መውሰድ ይቻላል ይባላል።

ዘሕግ

ፈቃዱን አንብቦ የሚወስድ ሰው ያለ ሥጋት ይወስዳል። የክሪኤቲቭ ኮመንስ ፈቃዶች፣ ባለመብቱ ሌሎች ሥራውን እንዲጠቀሙበት አስቀድሞ የሚፈቅድባቸው ዝግጁ ፈቃዶች፣ ከ2002 ማብቂያ ጀምሮ ያሉ ሲሆን አንድ ዓይነት አይደሉም። የደራሲውን ስም ከመጥቀስ በቀር ምንም የማይጠይቅ አለ፤ ለንግድ መጠቀምን የሚከለክል አለ፤ ከእርሱ የተሠራው ሥራ በዚያው ፈቃድ እንዲሰራጭ የሚያስገድድ አለ፤ ሥራው እንዳይለወጥ የሚከለክልም አለ። ብዙ ሰው የሚስተው የመጨረሻውን ነው። «እኔ ሙዚቃውን አልለወጥኩትም፣ እንዳለ ከቪዲዮዬ ሥር አስገባሁት እንጂ» ይላል። ነገር ግን ፈቃዱ ራሱ ሙዚቃን ከተንቀሳቃሽ ምስል ጋር በጊዜ ማዋሐድ ምንጊዜም ከሌላ ሥራ እንደመነጨ አዲስ ሥራ እንደሚቆጠር በግልጽ ይናገራል። ስለዚህ መለወጥን የሚከለክለው ፈቃድ ለቪዲዮ ማጀቢያ አያገለግልም፤ በዚያው ፈቃድ አሰራጭ የሚለው ደግሞ ቪዲዮው ራሱ ለሌሎች በዚያው ሁኔታ ክፍት እንዲሆን ያስገድዳል።

«ከቅጂ መብት ነፃ» የሚል ርዕስ ተለጥፎባቸው የሚዞሩትን ግን በጥርጣሬ እዩአቸው። ያንን ርዕስ የለጠፈው ሰው የሙዚቃው ባለቤት መሆኑን የሚያሳይ ነገር ከሌለ፣ ርዕሱ የሰጠው ፈቃድ የለም። ባለቤቱ ራሱ ዛሬ በነፃ ለቅቆ ነገ ለአከፋፋይ ሲሸጠውና አከፋፋዩ በኮንቴንት አይዲ ሲያስመዘግበው ደግሞ፣ ቀድሞ በሕጋዊ መንገድ የወሰዱት ሰዎች ክሌም ይደርሳቸዋል። የፈቃዱን ገጽ በወሰዳችሁበት ዕለት ምስሉን አንሥታችሁ ከፕሮጀክቱ ፋይል ጋር አስቀምጡት፤ ተቃውሞ ስታቀርቡ የምታያይዙት እርሱን ነው።

የእግር መንገደኛ

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። የዘፈኑን ክፍል ለማውጣትና በምትኩ የጽሑፍ ፈቃድ ያለው ማጀቢያ ለማስገባት ወስኛለሁ፤ ዜማ ደራሲ የሰጡትን የደብዳቤ ምክርም ለሚቀጥለው ቪዲዮ እሞክረዋለሁ። ሁለት ነገሮች ብቻ ቀሩኝ። አንደኛ፣ ቪዲዮውን አጥፍቼ እንደገና ብጭነው የተመልካቾቹን አስተያየቶች አጣለሁ፤ ሌላ መንገድ አለ? ሁለተኛ፣ በሌላ ቪዲዮ ላይ በመንገድ ዳር ካለ ድምፅ ማጉያ የሚወጣ ዘፈን ከእግሬ ኮቴ ጋር አብሮ ተቀርጿል፤ ይህም እንደዚያኛው ይታያል?

ዘሕግ

ሁለተኛውን ልመልስ። በአጋጣሚ የገባ ሙዚቃ በአንዳንድ ሕጎች የተለየ ቦታ አለው። የእንግሊዝ የ1988 ሕግ አንቀጽ 31 በቪዲዮ ውስጥ በአጋጣሚ የተካተተ ሥራ መብት እንደማይጥስ ይደነግጋል፤ ሙዚቃው ታስቦበት የገባ ከሆነ ግን አጋጣሚ እንደማይባል እዚያው ያክላል። እርስዎ የገለጹት አጋጣሚ ነው። ድምፅ ማጉያው አጠገብ ቆመው ዘፈኑ እስኪያልቅ ቢቀርጹ፣ ወይም በአርትዖት ጊዜ ድምፁን ከፍ ቢያደርጉት አጋጣሚነቱ ያበቃል።

ባለ መቁረጫ

ማሽኑ አጋጣሚን ከሐሳብ አይለይም፤ ዘፈኑ ጎልቶ ከተሰማ ክሌም ሊመጣ እንደሚችል ይጠብቁ። የመጀመሪያውን በተመለከተ፣ ቪዲዮውን ማጥፋት አያስፈልግዎትም። ዩቲዩብ ከሆነ በስቱዲዮው ገጽ ላይ ክሌሙ ያረፈበትን ክፍል ቆርጦ ማውጣት፣ ዘፈኑን ከመድረኩ የድምፅ ክምችት በተወሰደ ሌላ ሙዚቃ መተካት፣ ወይም ድምፁን ማጥፋት ይቻላል፤ አድራሻው፣ የታየበት ብዛትና አስተያየቶቹ እንዳሉ ይቆያሉ፤ ለውጡ ተሠርቶ ሲያልቅም ክሌሙ ይነሣል። ዘፈኑን ብቻ ለይቶ አጥፍቶ ንግግሩንና የአካባቢውን ድምፅ የሚተው መሣሪያም አለ፤ ሁልጊዜ አይሳካለትም፣ ግን ለኮቴውና ለድምፅ ማጉያው ቪዲዮ መጀመሪያ እርሱን ይሞክሩ። ከውጭ ያገኙትን ማጀቢያ ማስገባት ከፈለጉ ግን አዲስ ፋይል መጫን የግድ ነው፤ ያን ጊዜ አድራሻው ይለወጣል፣ አስተያየቶቹም አይከተሉትም።

የእግር መንገደኛ

እንግዲያውስ ለዚህኛው ከመድረኩ ክምችት እመርጣለሁ። ጥያቄዬ ተመልሷል።